የተፈቀደላቸው ክፍል

እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ በኋላ ለብቻዋ መኖር እንደማትችል ከእሷ በቀር ሁላችንም ተስማማን። "ሁላችንም" ስል እኔንና ሐኪሙን ማለቴ ነው፤ ሌላ ልጅ የላትም። እኔ የምኖረው ከተማው ጫፍ ላይ፣ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። እዚያ ባወጣት የምትወርደው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በሰው ትከሻ እንደሆነ እሷም እኔም እናውቃለን።

"ከመርካቶ አልወጣም" አለች። "አንተ ቤት ምን አለ? መጽሐፍ። እኔ ከመጽሐፍ ጋር ምን አወራለሁ?"

ዕድሜዋን የጨረሰችው በርበሬ ተራ ስትነግድ ነው። በጋሪ ጫጫታ ካልነቃች ቀኑ የነጋ አይመስላትም። ስለዚህ መጦሪያ ፍለጋ ስዞር ያስቀመጠችልኝ መስፈርት አንድ ብቻ ነበር፤ መርካቶ ውስጥ ይሁን። ጤነኛ ሰው መርካቶ ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ አይከፍትም ብዬ ተከራክሬ ነበር፤ ተሳሳትኩ። ከጎጃም በረንዳ ጀርባ፣ ምድር ቤቱ የሳሙናና የዘይት ማከፋፈያ በሆነ አሮጌ ፎቅ ላይ አንድ ተገኘ።

የሄድኩት ጉድለት ልፈልግለት ነው። ኑሮዬ መጣጥፍ መጻፍ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው ነገር ሲያጋጥመኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለ መጦሪያ ቤቶች ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤ ነበርና ምን እንደሚፈለግ አውቃለሁ፤ የሽንት ሽታ፣ የጀርባ ቁስል፣ ከአልጋ ጋር የታሰረ እጅ። አንሶላ ገለጥኩ፤ ንጹሕ። አልጋ ስር አጎንብሼ አየሁ፤ ንጹሕ። አንዲት አሮጊት አስፈቅጄ ተረከዛቸውን አየሁ፤ ቅባት ተቀብቶ ያበራል። የሚነቀፍ ነገር በማጣቴ ቅር እያለኝ ቀና አልኩ።

አስተዳዳሪዋን ሁሉም "እህታችን" ይሏታል። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምትናገር፣ ቀጭን ሴት ናት።

"እዚህ ቤት ጾም ይከበራል" አለችን እናቴን ይዤ በሄድኩ ቀን። "ሌላ ቦታ ሽማግሌዎቹን ገና ሳይነጋ ቀስቅሰው ያጎርሷቸዋል። እኛ ጋ የሚጾም ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንም አይነካውም።"

እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። እዚያው ፊት ለፊት ያለው አዳራሽ ውስጥ፣ ከመንገዱ በላይ ያለ መስኮት አጠገብ ወንበር ሰጧት። ቁልቁል ስታይ ጋሪ ገፊውን፣ ጆንያ ተሸካሚውን፣ ተሳፋሪ የሚጠራውን ወያላ ሁሉ ታያለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጠይቃት ስመጣ የምትነግረኝ ማን ከማን ጋር እንደተጣላና የማን መኪና የማንን ዕቃ እንደደፋ ነበር።

ከአዳራሹ ኋላ፣ በኮሪደሩ ጫፍ አንድ የተዘጋ በር አለ። ምን እንደሆነ ጠየቅሁ።

"የተፈቀደላቸው ናቸው" አለች አስተዳዳሪዋ። በሕመም ምክንያት የንስሐ አባታቸው ጾሙን ያነሱላቸው ሰዎች ማለቷ ነው። እነሱ ጠዋት እንቁላልና በቅቤ የተሠራ ገንፎ ይበላሉ፤ ሽታው ጿሚዎቹን እንዳይፈትን፣ የሚበሉትም እንዳያፍሩ ለብቻቸው ተደርገዋል። በሩን ገርበብ አድርጋ አሳየችኝ። አልጋዎቹ ከአዳራሹ ይልቅ ያማሩ ናቸው። መስኮቱ ከጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ጋር ስለተፋጠጠ በቀን መብራት ይበራል። ምክንያቱ ጥሩ ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ምክንያቱ ጥሩ ያልሆነ አንድም ነገር አላገኘሁም።

ጠያቂ የሚገባው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋቱ ለጸሎት የተተወ ነው። እኔ ስደርስ ብዙውን ጊዜ ምሳው ተበልቶ፣ አዳራሹ በወሬ ሞቅ ብሎ አገኘዋለሁ። ከእናቴ ጎን የሚቀመጡት ሐጂ ናቸው፤ ከስልጤ አገር በልጅነታቸው መጥተው በጅምላ ጨርቅ ንግድ የከበሩ፣ በአሽሙር የማይቻሉ ሰው። እኔን "ጋዜጠኛው" ይሉኛል። ጋዜጠኛ አይደለሁም ብዬ ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ።

"ሐጂ፣ እርስዎም ይጾማሉ እንዴ?" አልኳቸው አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደ ተራበ ሰው ሲበሉ አይቼ።

"ረመዳን አንድ ወር ነው ሲባል ነበር የማውቀው። እዚህ ከገባሁ አላልቅ አለኝ።"

"ውሸቱን ነው!" አለች እናቴ። "ለእሱ ጠዋት ቁርስ ያቀርቡለታል። አልበላም የሚለው ራሱ ነው።"

"ጎረቤት ሁሉ አፉን ዘግቶ እያየኝ እንዴት ብዬ ላላምጥ? እናትህን ታውቃት የለ፣ የማኘኬን ድምፅ ትቆጥርብኛለች።"

"እቆጥራለሁ እንጂ! ምን ሥራ አለኝ?"

ሳቅን። ሰውየው ለይሉኝታ ሲሉ እንደሚራቡ የነገሩኝ በቀልድ ስለሆነ በቀልድ አለፍኩት።

ክረምቱ ሲገባ የእናቴ ቀሚስ ትከሻዋ ላይ መንሸራተት ጀመረ። የጾም ነው አለች፤ እውነት ነው፣ የሐዋርያት ጾም ነበር። ከዚያ በፊት ሁዳዴ፤ ከዚያ በፊት ረቡዕና ዓርብ። ወደፊት ደግሞ ፍልሰታ፣ ቀጥሎ ለበረቱት ጽጌ፣ ከዚያ ነቢያት። ይህን አቆጣጠር የሠሩ አባቶች ስለ ወጥ ቤት ወጪ እንዳላሰቡ እርግጠኛ ነኝ፤ ግን ስለ ወጥ ቤት ወጪ የሚያስብ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር ሊሠራ አይችልም።

በፍልሰታ አንድ ጠዋት ዱባይ ተራ አካባቢ የእናቴን መነጽር አሠርቼ ስመለስ ዝናቡ ጠነከረ። የመጦሪያው ዘበኛ ሌላ ጊዜ ቢሆን "ከዘጠኝ በኋላ" ብሎ ይመልሰኛል። ያን ቀን ሁለት ተሸካሚዎች የስፖንጅ ፍራሽ በጭንቅላታቸው ይዘው "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" እያሉ ደረጃውን ሲወጡ በሩ ተከፍቶ ነበርና ከፍራሹ ጀርባ ተከትዬ ገባሁ።

አዳራሹ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። ከውጭ የጋሪና የመኪና ጡሩምባ ይሰማል፤ ከውስጥ ከአንዲት ትንሽ ስፒከር መዝሙር። ሁሉም ግድግዳውን ተከትለው ተቀምጠዋል፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው። አንዷ ተንከባካቢ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ "ጸሎት ላይ ናቸው" አለችኝ በሹክሹክታ።

መነጽሩን ሰጥቻት ልመለስ ነበር። ያ አቀማመጥ ከልጅነታችን ጀምሮ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያየነው ነው። እንዲህ የተቀመጠን ሰው ትከሻውን ነክቶ "ደህና ነህ?" የሚል የለም። ነውር ነው። እኔ ቤተ ክርስቲያን መሳም ከተውኩ የቆየሁት ሰውዬ እንኳን በእግሬ ጣት ነበር የቆምኩት።

"ጋዜጠኛው" አሉኝ ሐጂ ከተቀመጡበት። ከሁሉም ቀና ያሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። "እናትህን ንካት።"

"እየጸለየች—"

"ንካት አልኩህ!"

እጇን ያዝኩ። ቀዝቅዟል፤ በላብ ርሷል። ነጠላዋን ከፍ ሳደርገው ዓይኖቿ ተከፍተዋል፤ ግን እኔን አያዩም።

"በርበሬው ተሰጥቷል" አለች። "ዝናቡ መጣ። ምን ያስቆማችኋል? አንሡት እንጂ!"

ስኳር በሽተኛ ናት። ጠዋት ኪኒኗን ውጣለች፤ ምንም አልበላችም። ሐጂ ከጋቢያቸው ስር ቴምር አወጡ። እሳቸውም ስኳር አለባቸውና፣ የሚቀርብላቸውን ቁርስ አፍረው እየመለሱ፣ በጋቢ ተሸፍነው ቴምር ያኝኩ ነበር ለካ። ወደ አፏ ሳስጠጋው ጥርሷን ነከሰች። ስሟን ብትጠየቅ አታውቅም፤ ሰዓቱ እንዳልደረሰ ግን ታውቃለች።

"አፏን ክፈት" አሉ ሐጂ። "ወላሂ፣ ኃጢአቱ በኔ ይሁን።"

በጣቴ ከፈትኩት። ተንከባካቢዋ ስኳር የበዛበት ሻይ ይዛ እየሮጠች መጣች። ቀስ በቀስ ዓይኖቿ ተመለሱ፤ መጀመሪያ መስኮቱን አየች፣ ከዚያ እኔን።

"ደርሷል እንዴ ሰዓቱ?"

"ገና ጠዋት ነው፣ እማዬ።"

ምላሷን በአፏ ውስጥ አዟዟረች። "ምን አጎረስከኝ?" በሐጂ እጅ የቀረውን ቴምር ስታይ ገባት። "በፍልሰታ? በእመቤቴ ጾም?" ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። ከሞት የመለሳትን ቴምር ከጥርሷ መሃል በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

በዚያ ጊዜ ነው ዙሪያውን ያየሁት። ያን ሁሉ የተደፋ አንገት።

"ሐጂ፣ ከነዚህ ውስጥ የሚጸልየው ስንቱ ነው?"

"የሚጸልዩ አሉ" አሉ። "የትኞቹ እንደሆኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይለያል።"

አስተዳዳሪዋ ቢሮዋ ውስጥ ነበረች። ሌባ ሆና ባገኛት ይቀለኝ ነበር፤ ለሌባ የሚባለውን አዘጋጅቼ ነው የገባሁት። ግን እሷም ጾመኛ ናት፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

"ኪኒን ሰጥታችሁ ምግብ ትከለክላላችሁ?"

"ማን ከለከለ፣ ጋሼ? ቁርስ ይፈልጋሉ ወይ ብለን በየቀኑ እንጠይቃለን። እምቢ የሚሉት እርሳቸው ናቸው።"

"ታዲያ ኪኒኑን ለምን ትሰጧታላችሁ?"

"ሐኪሙ ጠዋት ብሏል፤ ጠዋት እንሰጣለን። ጾሙ ዘጠኝ ሰዓት ይላል፤ ዘጠኝ ሰዓት እናበላለን። ሁለቱንም እናከብራለን።"

ዕድሜዬን ሙሉ ከተንኮለኞች ጋር በጽሑፍ ስጣላ ኖሬያለሁ። ለዚህች ሴት የሚሆን ዓረፍተ ነገር አልነበረኝም። ቢያንስ የሁሉም ስኳር ይለካ አልኳት፤ ወዲያው ተስማማች። ነርሷ መለኪያዋን ይዛ አዳራሹን ዞረች። ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር ሆነ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እጃቸውን ወደ ነጠላቸውና ወደ ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። አንድም ሰው ጣቱን አልሰጣትም። እናቴ ሁለቱንም እጆቿን ጭኗ ስር አድርጋ ተቀመጠችባቸው።

ሐኪሟ ዘንድ ሄጄ ኪኒኑን ወደ ዘጠኝ ሰዓት እናዛውረው ወይ አልኩት። ያን ቀን ያየሁትን ስነግረው ኪኒኑን ለጊዜው እንዲያቆሙ አዘዘ፤ ግን ክብደቷን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። "ጉዳዩ ኪኒን ብቻ አይደለም። ሰውነታቸው አልቋል። ጠዋት መብላት አለባቸው። አለዚያ አንድ ቀን አንገታቸውን እንደደፉ ይቀራሉ፤ እናንተም ጸሎት ላይ ናቸው ትላላችሁ።"

የቀረኝ አንድ መንገድ ነበር፤ የንስሐ አባቷ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቤታችን ይመጡ የነበሩ፣ አሁን ራሳቸውም ከቤት የማይወጡ ቄስ ናቸው። ጫማዬን አውልቄ መስቀል ተሳለምኩ።

"ደጄን ከረገጥክ ስንት ዘመንህ ነው!" አሉ። "ለንስሐ ነው?"

"ለእናቴ ጾም ነው፣ አባ። እንዲፈቅዱላት።"

"እንዳትጾም?" ትክ ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ እኔ እኮ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ጾም አንሥቼላታለሁ። ጠዋት በልተሽ ጸልዪ ብያታለሁ። በስልክ፣ በቃሌ ገዝቻት ነው ወደ መጦሪያው የገባችው። አልነገረችህም?"

አልነገረችኝም። ለማንም አልነገረችም። ሌላ ቦታ ሰው የሚደብቀው ጾም መግደፉን ነው፤ እናቴ የደበቀችው መብላት እንደተፈቀደላት ነው። በማግስቱ መስኮቷ አጠገብ ተቀምጬ ስጠይቃት መጀመሪያ አልሰማም አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ለእህታችን ብነግራት ወዴት ነው የምትወስደኝ?"

በኮሪደሩ ጫፍ ያለው በር ትዝ አለኝ።

"ከዚያ ክፍል ተመልሶ እዚህ የተቀመጠ ሰው አይተሃል?" አለች። "እኔ አላየሁም። ሲገቡ በእግራቸው ነው፤ ሲወጡ በዘይት ማከፋፈያው በኩል ነው የሚያወጧቸው።"

"እማዬ፣ የሚሞቱት ስለታመሙ ነው እኮ። ክፍሉ አይደለም የሚገድላቸው። ታመው ነው የገቡት።"

"እሺ። አንተ ግባና ተኛበት።"

ሐጂ ጣልቃ ገቡ። "እንደኔ በጋቢ ውስጥ ብዪ። ከቴምሬ አካፍልሻለሁ። አላህ ያያል፣ እህታችን አታይም።"

"ተደብቄ? የሰው ዕቃ ሰረቅሁ? ከበላሁ ሰው እያየኝ እበላለሁ፤ ካልሆነ እጾማለሁ።"

አስተዳዳሪዋን በአዳራሹ ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ እንደተቀመጠች ይመግቧት ብዬ ለመንኳት። "ሌሎቹ በፍልሰታ የቅቤ ሽታ ይሽተቱ?" አለች። ያለ ቅቤ ይሁን አልኩ። "ሐጂ ቢበሉ እምነታቸው ነው፤ የራሳቸው ሰው ሲበላ እያዩ እንዴት ይጾማሉ? ነገ ልጆቻቸው ምን ይሉኛል?" እውነቷን ነው። የአንዷን አሮጊት ልጅ ከደረጃው ላይ አስቁሜ ስለ እናቷ ስኳር ላዋራት ስሞክር፣ "እናቴ ጸሎተኛ ናት" ብላ የሰደብኳት ያህል ተቆጥታ ወረደች። ሌላ መጦሪያም ነበር፤ ከመርካቶ ውጭ። ስሙን ስጠራላት እናቴ ከመኪናው ወርዳ በእግሯ እንደምትመለስ ነገረችኝ። በዚያ ዳሌዋ።

በሚቀጥለው ቀን መዝሙሩ ካቆመ በኋላም አንገቷን አላቀናችም። ነርሷ ሻይ አፏ ውስጥ አፍስሳ መለሰቻት። በዚያው ቀን ወደ ቢሮው ገብቼ ቄሱ ያሉትን ለአስተዳዳሪዋ ነገርኳት። አልተቆጣችም። እፎይ አለች።

"ምነው ቀድመው ቢነግሩኝ! በከንቱ ሲጎዱ።"

ሲያዛውሯት ቆሜ አየሁ። ተንከባካቢዎቹ በብብቷ ገብተው በቀስታ አነሷት፤ ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ነጠላቸውን ወደ ታች ሳቡ። እናቴ የመስኮቱን ብረት ይዛ ትንሽ ቆየችና ለቀቀችው።

"አንተ ጋዜጠኛ" አሉኝ ሐጂ። "ይሄንንስ የት ታትመዋለህ?"

አሁንም ያንኑ አደርግ ነበር። ይህን የምለው ራሴን ለማጽናናት አይደለም፤ ሒሳቡን ደጋግሜ አስልቼው ሌላ መልስ ስላላገኘሁለት ነው።

ወራት አልፈዋል። ለተፈቀደላቸው ሰዎች ጠያቂ ጠዋትም ይገባል፤ እዚያ የሚቋረጥ ጸሎት የለምና። እናቴ ወፍራለች። ጉንጯ ተመልሷል፣ ስኳሯ ተስተካክሏል፤ ሐኪሙ ሲያያት እጁን በደስታ አፋተገ። እዚያ ክፍል ከገባች ወዲህ ከጎኗ ያሉት አልጋዎች ሰዎቻቸውን ቀይረዋል፤ እሷ አለች። ቀንና ሌሊቱን የምትለየው በገንፎው ነው። ስለ ጋሪና ስለ መኪና አትነግረኝም፤ የምታየው ግድግዳ ነው። እንድነግራት ደግሞ አትፈልግም። የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ወንበሬ ላይ ማን ተቀመጠ?"

ትናንት ጠዋት ስትጠይቀኝ ሰሞኑን የገቡ ሰው ነበሩበት። "አንዲት ሴትዮ" አልኳት። "ሸማ ይነግዱ ነበር አሉ። ልጆቻቸው አምጥተዋቸው፣ ቤቱን በጣም ወደውታል።"

"ትጾማለች?"

"ይጾማሉ።"

"ጠዋት ጠዋት እንዴት ናት?"

"አንገታቸውን ደፍተው ነው የማገኛቸው። ዛሬ ሳልፍ ደህና ነዎት ወይ ብዬ ትከሻቸውን ነካሁ። ጸሎቴን አታቋርጠኝ ብለው ተቆጡኝ።"

ተንከባካቢዋ ማንኪያውን አቀረበች። ቅቤው ገንፎው መሃል ቀልጦ ያበራል።

"ልክ ናት" አለች እናቴ። "እኔም እንደዚያው ነበር የምልህ።"

አፏን ከፈተች።